ስፒከሩ ሲጠሩት ዝም ካለ፣ ድምፃችን የት ቀረ?

 

ወደ ነገሬ ከመግባቴ በፊት አንድ ልመና አለኝ፤ አትጩኹበት። የምናገረው ስለ ስማርት ስፒከር ነው። ስሙን ጠርተው ሲያዙት ይመልሳል ስለሚባለው፣ ልጅ ወይም ወንድም ከሚኒያፖሊስ ወይም ከዋሽንግተን ሲመጣ በሻንጣው ይዞት ስለሚገባው ክብ ዕቃ። ይህ ዕቃ አልመልስ ሲል በየቤቱ የማየው ነገር አንድ ዓይነት ነው። መጀመሪያ ቀስ ብለው ይጠሩታል። ቀጥለው ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ። ከዚያ ጎረቤት እስኪሰማ ይጮኹበታል። በመጨረሻ «አንተ ተማሪ ነህ፤ እስቲ ሞክረው» ተብሎ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ይጠራል። ልጁም ካቃተው ዕቃው ዳንቴል ለብሶ ቡፌ ላይ ይቀመጣል፤ ቤተሰቡም «የእኛ እንግሊዝኛ አይገባውም» ብሎ ይተወዋል።

እኔ አምቦ ውስጥ ስልክ፣ ቴፕና ስፒከር እየጠገንኩ የምኖር ሰው ነኝ። ሱቄ ከሚመጡት ከእነዚህ ዕቃዎች ውስጥ በእርግጥ የተበላሸው ጥቂቱ ነው። የብዙዎቹ ችግር የባለቤቱ ድምፅ መድረስ ካለበት ቦታ ሳይደርስ መንገድ ላይ መቅረቱ ነው። ስለዚህ ዛሬ የማደርገው ይህንኑ ድምፅ ከአፋችሁ ጀምሬ መከተል ነው። የት የት ሊቀር እንደሚችል ካያችሁ የሱቄን መንገድ ባታውቁትም ግድ የለኝም።

መጀመሪያ ዕቃው ምን እንደ ሆነ እንወቅ። አማዞን «ኤኮ» የተባለውን ስፒከሩን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ ነው። ጉግል በ2016 «ጉግል ሆም»ን፣ አፕል በ2018 «ሆምፖድ»ን አስከተሉ። መልካቸው ይለያያል እንጂ የሆዳቸው አሠራር አንድ ነው። ጠረጴዛችን ላይ የተቀመጠው ክፍል ብዙም አያውቅም። በር ላይ ቆሞ አንድ ስም ብቻ እንዲለይ እንደ ታዘዘ ዘበኛ ነው፤ «አሌክሳ» ወይም «ሄይ ጉግል» ሲባል እስኪሰማ ሌላውን ወሬ ሁሉ ያሳልፈዋል። ስሙን የሰማ ሲመስለው ብቻ በሩን ከፍቶ ከስሙ ቀጥሎ የተነገረውን በኢንተርኔት ይልከዋል። ድምፁን ወደ ጽሑፍ የሚለውጡት፣ ጽሑፉን የሚፈቱትና መልሱን የሚያሰናዱት ባሕር ማዶ ያሉ ትልልቅ ኮምፒዩተሮች ናቸው። እዚህ እጃጂ፣ ሳሎን ውስጥ የተነገረ ትእዛዝ ባሕር ተሻግሮ፣ ተፈትቶ፣ መልስ ይዞ የሚመለሰው በሰከንድ ወይም በሁለት ሰከንድ ውስጥ ነው። በዚህ ሁሉ ጉዞ አንድ ቦታ ከተሰናከለ ለእኛ የሚታየን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዝምታ።

ከመብራት ልጀምር። ትንሹ ጉግል ሆም ሚኒ የሚፈልገው 5 ቮልትና 1.8 አምፔር ነው። ገመዱ የቀድሞው የስልክ ቻርጀር ገመድ ዓይነት ስለ ሆነ ዋናው ቻርጀር ሲጠፋ ቤተሰቡ ከገበያ በገዛው የስልክ ቻርጀር ይተካዋል። ያ ቻርጀር የሚሰጠው ብዙ ጊዜ 1 አምፔር ነው፤ አንዳንዱ የተጻፈበትን ያህል እንኳን አይሰጥም። ሱቅ ውስጥ ሰክቼ አይቼዋለሁ። አራቱ ነጥብ መብራቶች ይበራሉ፣ ሲጠሩት ይሰማል፣ ዘፈን ይጀምራል፤ የከበሮው ድምፅ ከፍ ሲል ግን ጉልበት ያጥረውና ጠፍቶ እንደ አዲስ ይነሳል። እስኪነሳ ድረስ የተነገረውን ሁሉ አይሰማም። ባለቤቱ «ሰምቶኝ ዝም አለኝ» ይላል፤ ዕቃው ግን በዚያች ሰዓት ራሱን ስቶ ነበር። መድኃኒቱ አብሮት የመጣውን ቻርጀር መፈለግ ወይም በቂ አምፔር ያለው መግዛት ነው።

ከአሜሪካ የመጣ ቻርጀር ከሆነ ጀርባው ላይ ያሉትን ደቃቅ ጽሑፎች በስልክ ካሜራ አጉልታችሁ አንብቡ። «100–240» የሚል ካለ የእኛን 220 ቮልት ይችላል። «120» ብቻ የሚል ከሆነ ሶኬት ላይ አታድርሱት። እግሩ ጠፍጣፋ ስለ ሆነ መሐል የምታስገቡት መቀየሪያ ላላ ካለ ደግሞ ዲቫይደሩ በተነካ ቁጥር ዕቃው ይጠፋል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሌላ ነገር አለ፤ ስፒከሩ ከዋይፋዩ ሳጥን ቀድሞ ይነሳና ኢንተርኔት ፈልጎ ያጣል። እንዲህ ሲሆን ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቁት። ካልሆነ ስፒከሩን ብቻ ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰኩት። መብራት በሄደ ጊዜ ነቅሎ ማቆየትም ተመልሶ ሲመጣ ከሚያቃጥለው ኃይል ያድናል፤ ይህን የፍሪጅ ባለቤቶች ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

መብራቱ ደህና ከሆነ ጆሮውን እንይ። የአማዞንና የጉግል ስፒከሮች ማይካቸውን የሚዘጋ ማብሪያ አላቸው። በኤኮ ላይ አናቱ ላይ ያለ ቁልፍ ነው፤ ሲዘጋ ቀይ መብራት ያሳያል። በጉግል ሚኒ ላይ ገመዱ አጠገብ በጎኑ የምትንሸራተት ትንሽ ነገር ናት፤ ስትዘጋ መብራቶቹ ብርቱካናማ ይሆናሉ። ልጆች ይነኩታል፣ አቧራ የሚጠርግ ሰው ይነካዋል። ሱቄ ድረስ መጥቶ በአንድ ጣት የተፈታ ስንት አለ! የኤኮ ቢጫ መብራት ቀስ እያለ ብልጭ ድርግም ካለ ግን ብልሽት አይደለም፤ የተቀመጠላችሁ መልእክት አለ ማለት ነው። ዕቃውን የላከው ዘመድ ራሱ ልኮላችሁ ሊሆን ይችላል።

የማይኩ ቀዳዳዎች የመርፌ ጫፍ የሚያክሉ ናቸው። አቧራ ከደፈናቸው በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ጥረጓቸው። መርፌ አታስገቡ፣ ውኃም አታስነኩ።

አሁን ወደ ቤታችን ልግባ፤ ይህን በእንግሊዝኛ የተጻፈው መመሪያ አይነግራችሁም። የመጀመሪያው ኤኮ ሰባት ማይኮች ነበሩት። ሰባት ያስፈለጉት ድምፁ ከየት አቅጣጫ እንደሚመጣ ለይቶ ሌላውን ጫጫታ ለመቀነስ ነው። የተሠራውም ምንጣፍ፣ መጋረጃና ጣራ ሥር ኮርኒስ ላለው ክፍል ነው። ሐምሌ ላይ እጃጂ ውስጥ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት ዝናብ ሲወርድበት ሰው ከሰው ጋር እንኳን በጆሮ ተጠግቶ ነው የሚነጋገረው። ዝናቡ ደግሞ ከአንድ አቅጣጫ አይመጣም፤ ከላይ በሙሉ ይወርዳልና ሰባቱም ማይክ ለይቶ የሚተወው ነገር አያገኝም። በእንዲህ ያለ ሰዓት ስፒከሩን መውቀስ ዋጋ የለውም። ዝናቡ ካባራ በኋላ ጥሩ መልስ ከሰጠ ብልሽት የለበትም።

ዕቃውን ጥግ ላይ፣ ቴሌቪዥን አጠገብ ወይም ቡፌው መስታወት ውስጥ አታስቀምጡት። ከግድግዳ ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ሲሚንቶ ወለልና ባዶ ግድግዳ ድምፅ ስለሚያስተጋቡ ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ ማንጠፍ ይረዳል። ዳንቴሉን ግን ከላዩ አንሱለት።

መብራቱም ጆሮውም ደህና ሆኖ ዝም ካለ ወደ ኢንተርኔቱ እንሻገር። የዕቃው ትልቁ ጥፋት ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ኤኮ ከኮምፒዩተሮቹ ጋር መገናኘት ሲያቅተው ብዙ ጊዜ የሚናገረው ነገር በእኛ ቋንቋ «ይቅርታ፣ አሁን እናንተን መረዳት እየተቸገርኩ ነው» እንደ ማለት ነው። እስቲ አስቡት! የተቋረጠው መስመር ሆኖ ሳለ ለባለቤቱ የሚነገረው «አልገባኸኝም» የሚል ነው። እንግሊዝኛውን የሚጠራጠር ሰው ይህን ሲሰማ ጥፋተኛው እኔ ነኝ ብሎ ይቀበላል። ስንት ሰው በዚች አንዲት የተሳሳተች ይቅርታ ምክንያት ዕቃውን ቡፌ ላይ አስቀምጦታል! ሠሪዎቹ «መስመር የለም» ብለው ቢተዉት ኖሮ ሁላችንም እናርፍ ነበር።

ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ለሦስት ሳምንት ያህል በጠፋ ጊዜ አገር ውስጥ ያለ ስማርት ስፒከር ሁሉ ዲዳ ነበር። ጉዳዩ የእኛ አገር ብቻም አይደለም። ጥቅምት 10 ቀን 2018 ዓ.ም. ሰሜን ቨርጂኒያ ያለው የአማዞን የኮምፒዩተር ማዕከል ሲታወክ የአሌክሳ አገልግሎት ተሰናክሎ በዚያው በአሜሪካ እንኳን ሰዎች የሳሎን አምፖላቸውን በቃል ማጥፋት አቅቷቸው ነበር። የእነሱ እንግሊዝኛ ከእናታቸው የወሰዱት ነው።

መስመሩ የእናንተ መሆን አለመሆኑን የምታውቁበት ቀላል መንገድ አለ። ስልካችሁን ከስፒከሩ ጋር በአንድ ዋይፋይ ላይ አድርጉና የስፒከሩን አፕ ከፍታችሁ ትእዛዙን በድምፅ ሳይሆን በጽሑፍ ስጡት። በጽሑፍ ሲሰጡት ከመለሰ መስመሩም አካውንቱም ደህና ናቸው፤ ችግሩ በራሱ በስፒከሩ ወይም ከአፍ እስከ ማይክ ባለው ላይ ነው። በጽሑፍም ካልመለሰ አፋችሁን ተዉት፤ ዋይፋዩን ተመልከቱ። ከስልካችሁ ሆትስፖት የምታጋሩት ከሆነ ለመጀመሪያው ማገናኘት ሁለት ስልክ ብታዘጋጁ ይሻላል፤ አንዱ መስመር ሰጪ፣ ሌላው አፑ ያለበት። ስልኩን ይዞ ወደ ገበያ የሚሄድ ሰው መስመሩንም ይዞ እንደሚሄድ አትርሱ። የሆቴል ዋይፋይ፣ ያ በገጽ ላይ ስምና ቁጥር ካልሞሉበት የማይከፍተው፣ ለእነዚህ ዕቃዎች ብዙ ጊዜ አይሆንም። የቤት ዋይፋይ ሁለት ሞገድ ካለው ባለ 2.4 የሚባለው ግድግዳ አልፎ በመድረስ ከባለ 5ቱ ይሻላል።

አካውንቱ ሌላ ታሪክ ነው። ዘመድ ሲገለገልበት የነበረውን ስፒከር ይዞ ሲመጣ ዕቃው ውስጥ የእሱ ስም፣ የእሱ አድራሻና የእሱ ሰዓት አለ። ሚኒያፖሊስ እንዳለ የሚያስብ ስፒከር ለጠዋት 12 ሰዓት የሞላችሁትን ደወል በበጋቸው ወራት በእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ በክረምታቸው ደግሞ 9 ሰዓት ላይ ያሰማችኋል። ልጁ ትምህርት ቤት ውሎ ተመልሷል። የአየር ጠባይ ስትጠይቁት በረዶ እየጣለ ነው ይላል። ዘመዱ ከአካውንቱ ይሰርዘው፤ ከዚያ አድራሻውንና የሰዓት ቀጠናውን በአፑ ውስጥ ወደ ኢትዮጵያ መልሱ።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም አንድ ነገር ይቀራል። ልጅ «በአንድ ሰዓት ቀስቅሰኝ» ብሎ በእንግሊዝኛ ያዘዋል። ዕቃው ሰምቷል፣ ገብቶታል፣ እሺም ብሏል። ከዚያ በእኛ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ቤቱን በሙሉ ይቀሰቅሳል፤ የፈረንጅ 1 ሰዓት ነውና። እዚህ ላይ የተበላሸ ምንም የለም። ቀኑን ከንጋት የሚቆጥር ሕዝብ መኖሩን ያልሰማ ዕቃ ነው። ስድስት ሰዓት መጨመርና መቀነስ የእኛ ዕዳ ሆኖ ይቀጥላል።

ከሁሉ የከበደው ግን ቋንቋው ስለ ሆነ እዚያ ላይ ልቆይ።

እዚሁ ከተማ ውስጥ አንድ ቤት ገብቼ ስፒከሩን ሳገናኝ አያትየው አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ሥራዬን ስጨርስ ዕቃውን በአክብሮት፣ በአፋን ኦሮሞ፣ ዛሬ ዝናብ ይኖራል ወይ ብለው ጠየቁት። ዝም አለ፤ ስሙን አልጠሩትማ። የልጅ ልጃቸው ስሙን ነገራቸው። አያትየው «አሌክሳ» አሉ፤ በራሳቸው አነጋገር፣ ሳይጣደፉ። ሰማያዊው መብራት ቦግ አለ። ተደሰቱ። ጥያቄያቸውን በአፋን ኦሮሞ ደገሙት። ዕቃው በእንግሊዝኛ ስለ አንድ ስለማናውቀው ከተማ ማውራት ጀመረ። አፑን ከፍቼ ምን ብሎ እንደ ሰማቸው አነበብኩ፤ ይህን ማድረግ ትችላላችሁ፣ የተባለውን ሁሉ በጽሑፍ ያስቀምጣል። የአያትየውን ጥያቄ አራት የእንግሊዝኛ ቃላት አድርጎታል። አንዱ የከተማ ስም ነበር፤ የተቀሩት እርስ በርስ አይገናኙም።

የሆነውን ልብ በሉ። ዕቃው «ይህን ቋንቋ አላውቀውም» ማለት አይችልም። እንግሊዝኛ ላይ ከተሞላ የሰማውን ንግግር ብዙ ጊዜ ከሚያውቃቸው የእንግሊዝኛ ቃላት ወደሚቀርበው ይገፋዋል። ኤኮ እንግሊዝኛ፣ ጀርመንኛ፣ ጃፓንኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ጣሊያንኛ፣ ስፓኒሽ፣ ፖርቱጋልኛ፣ ሂንዲና ዓረብኛ ተምሯል። የጉግሉም ዝርዝር ከዚህ እምብዛም አይርቅም። በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሰዎች የሚናገሯቸው አፋን ኦሮሞና አማርኛ በሁለቱም ዝርዝር ውስጥ የሉም። አያትየው ዕቃውን ቢለማመጡትም ቢቆጡትም ለውጥ የለውም።

ዕቃዎቹ ቋንቋዎቻችንን ለምን አልተማሩም ለሚል፤ ማሽን ሰው ሲያወራ በተቀዳ ድምፅ ነው የሚማረው፤ ድምፁ ደግሞ ቃል በቃል የተጻፈ መሆን አለበት። ሰለሞን ተፈራ አባተ ከባልደረቦቹ ጋር በጀርመን ሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ለአማርኛ እንዲህ ያለ ስብስብ አዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲያቀርብ 100 ሰዎች ያነበቡት 20 ሰዓት ንግግር ነበር። ለብዙ ዓመታት የአማርኛ ድምፅ ላይ የሠሩ ብዙ ተማሪዎች የተንተራሱት እሱን ነው። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው «ዊስፐር» የተባለ የንግግር ማወቂያ የሠለጠነው በ680,000 ሰዓት ድምፅ ነው፤ ከዚያ የሚበዛው እንግሊዝኛ ነው። በ20 ሰዓትና በመቶ ሺዎች ሰዓት መካከል ያለው ርቀት ነው ጠረጴዛችሁ ላይ ዝም ብሎ የሚቀመጠው።

በዚያ ላይ የቋንቋዎቻችን ጠባይ አለ። አንድ የአማርኛ ግስ ስንት መልክ እንዳለው አስቡ፤ ማሽኑ እያንዳንዱን መልክ እንደ አዲስ ቃል ስለሚያየው ጥቂት ሰዓት ድምፅ አይበቃውም። ማርታ ይፍሩ የዶክትሬት ጥናቷን የሠራችው በዚሁ ችግር ላይ ነው። ጠ፣ ቀ፣ ጨ የምንላቸው ፈንጂ ድምፆች እንግሊዝኛ ላይ ለተማረ ጆሮ እንግዳ ናቸው። የአፋን ኦሮሞን ዸ ማ አስተማረው? «ይመታል» ስንል መቺው ነው ወይስ ተመቺው፣ ማጥበቅና ማላላቱ ይወስነዋል፤ ፊደሉ ግን አይለየውም።

እንግዲህ በእንግሊዝኛ ላዝዘው የሚል ሰውም ቢሆን ዕዳው አይቀርለትም። እ.ኤ.አ. በ2020 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች የአማዞንን፣ የአፕልን፣ የጉግልን፣ የአይቢኤምንና የማይክሮሶፍትን የንግግር ማወቂያዎች ፈትነው ነበር። በነጭ አሜሪካውያን ንግግር ላይ ማሽኖቹ በአማካይ ከ100 ቃል 19 ሲስቱ፣ በጥቁር አሜሪካውያን ንግግር ላይ 35 ሳቱ። እነዚህ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው የሆነ፣ እዚያው ተወልደው ያደጉ ሰዎች ናቸው። በአምቦ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ የተማረ ሰው ቢሳትበት ምን ይገርማል? ስለዚህ የፊልም አክተር አነጋገር እየኮረጃችሁ አትድከሙ። ቃላቱን አንድ በአንድ እየነጠሉ ማስረዘምም ይጎዳል፤ ማሽኑ የተማረው ሰው በተለመደ ፍጥነት ሲያወራ ነውና እንዲያ ያለ አነጋገር ያደናግረዋል። በራሳችሁ ድምፅ፣ አጠር አድርጋችሁ፣ ሳታቋርጡ ተናገሩ። ስሙን ከጠራችሁ በኋላ መብራቱ እስኪበራ ታገሱት። የጉግሉ አፕ ድምፃችሁን እንዲለይ ጥቂት ሐረግ አስነብቡኝ ሲል የሚያነበው ዕቃውን የሚጠቀምበት ሰው ይሁን እንጂ እንግሊዝኛ ይችላል የተባለው ልጅ አይሁን። የኤኮ ስም ካስቸገረ ደግሞ «ኤኮ»፣ «አማዞን» ወይም «ኮምፒዩተር» ብሎ መቀየር ይቻላል። እኔ «ኮምፒዩተር»ን እመርጣለሁ፤ በየቀኑ የምንለው ቃል ስለ ሆነ አፋችን ላይ አይንሸራተትም።

ሙዚቃ ለሚወዱ አንድ ብልሃት ላክል። «አሊ ቢራን አጫውት» ወይም «ሃጫሉ ሁንዴሳን አጫውት» ሲባል ማሽኑ ስሞቹን ወደ እንግሊዝኛ እየገፋ የማናውቀውን ሰው ያስዘፍናል። የምትወዷቸውን ዘፈኖች በስልካችሁ አንድ ዝርዝር ውስጥ ሰብስቡና ለዝርዝሩ ቀላል የእንግሊዝኛ ስም አውጡለት፤ «ሰንደይ» ይሁን፣ «ኮፊ» ይሁን። ከዚያ «ኮፊን አጫውት» ማለት ነው። ይህም ካስቸገረ ስልካችሁን በብሉቱዝ አገናኙትና ዘፈኑን በጣታችሁ ምረጡ። ብዙ ቤቶች በመጨረሻ የሚደርሱበት መልስ ይህ ነው፤ የሚያሳፍርም አይደለም። ጥሩ ድምፅ ያለው ስፒከር ጥሩ ስፒከር ነው።

የሚሻሻል ነገር የለም እያልኩ አይደለም። ጉግል እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2017 አማርኛን በድምፅ ከሚጻፉ ቋንቋዎች ጋር ቀላቅሎታል። ስልካችሁ ላይ ጂቦርድ የሚባለውን ኪቦርድ በአማርኛ አድርጋችሁ የማይኩን ምልክት ብትነኩ የምትናገሩትን ይጽፍላችኋል፤ ይሳሳታል፣ ግን ይጽፋል። ለአፋን ኦሮሞ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2025 «ሰገሌ» የተባለ ማንም ሊጠቀምበት የሚችል ስብስብ ወጥቷል። 283 ሰዎች የተናገሩት 100 ሰዓት ድምፅ ነው። ቅድም የጠቀስኩት ዊስፐር በዚህ ስብስብ ላይ ተጨማሪ ትምህርት ሲሰጠው ስሕተቱ ከ100 ቃል ወደ 11 ገደማ ወርዷል። 100 ሰዓት ማለት እኮ ይህች ከተማ ከገበያ እስከ ገበያ ከምታወራው ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም። ሞዚላ «ኮመን ቮይስ» የሚለውን የድምፅ መሰብሰቢያ ለአማርኛም ከፍቷል፤ ስልክ ያለው ሰው ሁሉ ዓረፍተ ነገር አንብቦ ሊያበረክትበት ይችላል። ተማሪዎች፣ ይህን ስል እናንተን እያየሁ ነው። የእናንተ አነጋገር እዚያ ውስጥ ከሌለ ነገ አማርኛ ተማርኩ የሚለው ማሽን የሚያውቀው የአዲስ አበባን ልጅ ብቻ ይሆናል፤ አያቶቻችሁም ዛሬ ከቆሙበት ደጅ ላይ ቆመው ይቀራሉ።

ገበሬዎች ደግሞ በልባችሁ «8028ስ?» እያላችሁ ይሆናል። ትክክል ናችሁ። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ከግብርና ሚኒስቴርና ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር እ.ኤ.አ. በ2014 የጀመረው ይህ መስመር ከኤኮ ጋር እኩያ ነው። ገና ከጅምሩ አፋን ኦሮሞ፣ አማርኛና ትግርኛ ይናገር ነበር። ገበሬው የኪስ ስልኩን አውጥቶ ይደውላል፣ ቋንቋውን በቁጥር ይመርጣል፣ ሰብሉን በቁጥር ይመርጣል፣ በቆሎ መቼ እንደሚዘራ፣ በምን ያህል ርቀት እንደሚተከል ይሰማል። ዋይፋይ አይፈልግም፣ አካውንት አይጠይቅም። ከሰው አፍ የሚወጣውን አንዲት ቃል እንኳን አይሰማም፤ የሚያውቀው ቁልፍ ብቻ ነው። ቢሆንም ከሰው ጋር ይግባባል፤ ሲሠራ የታሰበው ደዋዩ ነበራ። የባኮን የምርምር ማዕከል በጎረቤትነት እያወቁ በቆሎ ሲዘሩ ለኖሩ ሰዎች የትኛው ዕቃ ብልህ እንደ ሆነ እኔ አልነግራቸውም። አባቴ ቤት አንዱን ብቻ አስገባ ብባል 8028 የሚደውለውን ርካሽ ስልክ ነው የማስገባው።

ስለ ምስጢርም ሁለት ቃል ልበል። ስሙን የሰማ የመሰለው ስፒከር ያልጠሩትንም ወሬ ይልካል። እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2025 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ አማዞን ድምፅ ወደ ኮምፒዩተሮቹ ሳይላክ ዕቃው ላይ ብቻ እንዲፈታ ያስችል የነበረውን ምርጫ አንስቷል። የሽምግልና ጉዳይ የሚነጋገርበት ቤት፣ የታመመ ሰው የሚጠየቅበት ቤት ማይኩን ዘግቶ ያንን ቀይ መብራት ማብራት አለበት። ከሁሉ የሚሻለው መንቀል ነው።

ጥያቄ ያላችሁ አሁን ጠይቁኝ። ዕቃ ይዛችሁ የመጣችሁ ደግሞ ከአዳራሹ በስተግራ ጠረጴዛ አዘጋጅቻለሁ፤ ከእነ ቻርጀሩ አምጡት፣ አፑ ያለበትን ስልክም አትርሱ። ዘመድ አካውንቱን ያልለቀቀላችሁ ካላችሁ ሚኒያፖሊስ አሁን ገና ጠዋት ነው፤ ደውሉለትና እዚሁ ሆነን እናስለቅቀው። የይለፍ ቃላችሁን ግን ለእኔ አትንገሩኝ፤ ራሳችሁ ጻፉት።